ይሄ አውሮፕላን በእውነት ነበር ወይስ የሞዴል ሠሪ ፈጠራ ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ክፉኛ ተሸወድኩ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ማመን አቁሜያለሁ። አንድ ፎቶ አገኘሁ። የእንግሊዙ ቲ.ኤስ.አር.-2 ጄት በረሃ ላይ ቆሟል። ቀለሙ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የተቀቡት ያ ሮዝ መሳይ የአሸዋ ቀለም ነው። ክንፉ ሥር ቦምብ ተሰቅሏል፣ አፍንጫው ላይ የተልዕኮ ምልክት ተደርድሯል፣ አቧራውና የጭስ ጥላሸቱ ሳይቀር አለ። "አቤት ውበት!" ብዬ ለጓደኞቼ ላክሁት። አንዱ ወዲያው "ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው" አለኝ። የሳቁብኝን ሳቅ ተዉት።

እንግዲህ ነቄ ልሁን ብዬ ሌላ ፎቶ መመርመር ጀመርኩ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ የጀርመን መስቀል አለበት። ክንፉ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው የዞረው። ሁለት ጄት ሞተር ክንፉ ሥር፣ ሁለት ደግሞ ጉንጩ ላይ እንደ ጉትቻ ተለጥፏል። ጎማዎቹ አይታጠፉም፣ ትልቅ ጫማ የመሰለ ሽፋን አጥልቀዋል። ይሄን እንኳ አልሸወድም፣ አንዱ የተራረፈ ኪት (የሞዴል መገጣጠሚያ ዕቃ) ገጣጥሞ የሠራው ነው አልኩ። ልክ ነኝ? እናንተስ በምን ትለያላችሁ?

ምስማር ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱንም ገልብጠሃቸዋል። ሁለተኛው እውነት ነው። ዩንከርስ 287 ይባላል፣ ኦገስት 1944 በርሯል።

ጀማሪው፦
አታሹፍ።

ምስማር ቆጣሪ፦
እውነቴን ነው። እንዲያውም "የተራረፈ ኪት ገጣጥሞ" ያልከው ሳታውቀው ግማሽ እውነት ነው። ጀርመኖቹ ወደ ፊት የዞረ ክንፍ በዝግታ ሲበር እንዴት እንደሚሆን ቶሎ ማየት ነበር የፈለጉት። አዲስ አካል ለመሥራት ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ አካሉን ከሃይንከል 177 ወሰዱ። ጅራቱን ከዩንከርስ 388 አመጡ። ዋና ጎማዎቹ የዩንከርስ 352 ናቸው። የፊት ጎማዎቹ ደግሞ ተመትተው ከወደቁ የአሜሪካ ቢ-24 ቦምብ ጣዮች የተነቀሉ ናቸው! የጠላት ጎማ ማለት ነው። ጎማው የማይታጠፈውም ለዚህ ነው፣ ለዝግታ በረራ ሙከራ መታጠፍ አያስፈልገውም ነበር።

የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው አውሮፕላን ግን ኖሮ ያውቃል፣ በዚያ ቀለም ግን ኖሮ አያውቅም። ቲ.ኤስ.አር.-2 ሴፕቴምበር 27 ቀን 1964 በረረ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1965 መንግሥት ፕሮጀክቱን ሰረዘው። በአየር ላይ የወጣው አንድ ብቻ ነው፣ መለያው ኤክስ.አር. 219። እሱም ከላይ እስከ ታች ነጭ ነበር። መጨረሻው ደግሞ የተኩስ ኢላማ መሆን ነው። ሁለት ወንድሞቹ ዛሬ በእንግሊዝ ሙዚየም ቆመዋል፣ እነሱም በረው አያውቁም። ስለዚህ ካሙፍላጅ (መደበቂያ ቀለም) የለበሰ ቲ.ኤስ.አር.-2 በረሃ ላይ ካየህ ምንም ሳትመረምር ፈጠራ ነው በል። 1991ን ለማየት 26 ዓመት ሲቀረው ነው የሞተው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
የጠላት ጎማ ያለው ነገር በሳቅ ገደለኝ።

ሙጫ በጣቴ፦
እኔ የምሠራው እነዚህኑ ነው። "ቢሆን ኖሮ" የምንላቸውን ሞዴሎች። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቅርጹን እርሱት። ቅርጽ ምንም አያረጋግጥም። ጎበዝ ፈጣሪ እውነት የሚመስል ቅርጽ ነው የሚመርጠው፣ ሰው እንዲያምነው ይፈልጋላ። እውነተኛ መሐንዲስ ግን ማን ያምነኛል ብሎ አይጨነቅም። ብሎም ኡንድ ፎስ 141ን አይታችሁታል? በ1938 የበረረ የጀርመን አውሮፕላን ነው። ሞተሩና ጅራቱ በአንድ ግንድ ላይ፣ ሰዎቹ ደግሞ በስተቀኝ ለብቻቸው በመስታወት ቋት ውስጥ። ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። ይሄን ሠርቼ ባሳያችሁ "ምናለ ትንሽ ብታስብበት" ነበር የምትሉኝ።

የሚያጋልጠው ውፍረት ነው። በ1/72 ስኬል፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 እጥፍ አሳንሼ ስሠራ የቆርቆሮዎቹን መጋጠሚያ መስመር በመርፌ እቦረቡራለሁ። መስመሬ 0.3 ሚሊሜትር ቢሰፋ ምን ማለት ነው? በ72 አባዙት። ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ! እውነተኛው ላይ ትንሽ ራቅ ካልክ መስመሩ ጭራሽ አይታይም። የክንፉ የኋላ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ፕላስቲክ ግማሽ ሚሊሜትር ይወፍራል እንበል፣ ያ በእውነተኛው 3.6 ሴንቲሜትር ነው። እውነተኛ የክንፍ ጠርዝ ምላጭ ይመስላል። ስለዚህ በሞረድ ከውስጥ በኩል እየፋቅሁ ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳሳዋለሁ። አንዱን ክንፍ ስሞርድ አንድ ማታ ሙሉ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይሄን ይሰለቻል። እናንተም ፎቶ ስታዩ መጀመሪያ እዚያ እዩ።

የመስታወቱ ነገር ደግሞ አለ። የአብራሪው ክፍል ክዳን ክፍት ሆኖ ካያችሁት ጠርዙን ተመልከቱ። 1 ሚሊሜትር ፕላስቲክ 7 ሴንቲሜትር ብርጭቆ ይሆናል። ባንክ ቤት እንኳ እንዲህ ዓይነት መስታወት የለውም።

ጀማሪው፦
እሺ ፎቶው ትንሽና ደብዛዛ ከሆነስ? ሆን ብለው ነው መሰለኝ ጥቁርና ነጭ አድርገው የሚያደበዝዙት።

ሙጫ በጣቴ፦
ሆን ብለን ነው እንጂ። ደብዛዛነት የደካማ ሠሪ ጓደኛ ነው። ያኔ ትኩረቱን እየው። ትንሽ ነገር በቅርብ ሲነሳ አፍንጫው ጥርት ብሎ ጅራቱ ይጠፋል። 12 ሜትር አውሮፕላን ከ30 ሜትር ርቀት ሲነሳ ግን ሁሉም እኩል ይጠራል። ደግሞ ጎማውን እየው። እውነተኛ ጎማ ብዙ ቶን ተሸክሟል፣ ከታች ትንሽ ተንፈስ ብሎ ይቀመጣል። የፕላስቲክ ጎማ መሬቱን በነጥብ ነው የሚነካው። እኛ ነቄዎቹ ግን ከታች እንሞርደዋለን።

ጨረቃ ላይ፦
ሙጫ፣ ሁሉንም "እንሞርደዋለን" ካልክ እኮ ምንም አልቀረንም! ለእኔ የሚሻለው ምልክቱን ማንበብ ነው። ቀለምና ምልክት ቀን አለው። የአሜሪካንን ኮከብ ብቻ ውሰዱ። እስከ ሜይ 1942 መሃሉ ላይ ቀይ ክብ ነበረ። ከጃፓን ቀይ ጸሐይ ጋር እየተምታታ ወገን በወገን እንዳይተኩስ ብለው አጠፉት። በ1943 አጋማሽ ግራና ቀኝ ነጭ አግዳሚ ተጨመረ፣ ዙሪያው ቀይ። ጥቂት ወር ሳይቆይ ቀዩ ዙሪያ በሰማያዊ ተተካ፣ ያው ቀይ እንዳይታይ ነው። በጃንዋሪ 1947 ደግሞ በአግዳሚው ላይ ቀይ መስመር ገባ። አሁን "1945፣ ጀርመን ሰማይ ላይ" የሚል ጽሑፍ ያለው ጄት ላይ ያ ቀይ መስመር ካለ ሌላ መመርመር አያስፈልግም።

ስሙም ቀን አለው። የአሜሪካውን ተዋጊ ሙስታንግን ኤፍ-51 ብሎ 1944 የሚል ካየሁ እጠረጥራለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ፒ-51 ነበር፣ ኤፍ የሆነው በ1948 ነው። ይሄ ሁልጊዜ የሞዴሉን ሐሰትነት አያሳይም፣ አንዳንዴ የጻፈው ሰው ፋራ ነው።

በ1944 ለኖርማንዲ ወረራ የተቀቡት ጥቁርና ነጭ ግርፎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ትእዛዙ የመጣው ወረራው ሊጀመር ሲል ነው። በብሩሽ፣ በችኮላ፣ በጨለማ ነው ብዙዎቹ የተቀቡት። ጠርዛቸው ይወላገዳል፣ አንዳንዱ ቦታ ቀለሙ ሲንጠባጠብ ይታያል። በማስመሪያ የተሠመረ ግርፍ ሳይ እኔ በበኩሌ ሙዚየም ወይም ሞዴል ነው እላለሁ።

ምስማር ቆጣሪ፦
ጨረቃ ልክ ነሽ። ሰነድ ብቻ ነው የሚያዋጣው። የመለያ ቁጥር፣ ስኳድሮን (አውሮፕላኑ ያለበት የአየር ኃይል ክፍል)፣ ቀን። እነዚህ ሦስቱ ከተገጣጠሙ እውነት ነው፣ ካልተገጣጠሙ ፈጠራ ነው። አለቀ።

የድሮ ጋዜጣ፦
ልጄ፣ "አለቀ" አትበል። ሃይንከል 113ን ላስታውስህ።

በ1940 ጀርመኖች አዲስ ተዋጊ አውሮፕላን ስኳድሮኖቻቸው ውስጥ ገባ ብለው ፎቶ በተኑ። ተደርድረው የቆሙ፣ አርማ ያላቸው፣ ቁጥር ያላቸው፣ አብራሪዎች ከጎናቸው። ፎቶው እውነት ነበረ፣ ማንም አልቆራረጠውም። አውሮፕላኑም እውነት ነበረ፣ በብረት የተሠራና የሚበር። ውሸቱ ስሙና ስኳድሮኑ ብቻ ነበር። ያ አውሮፕላን ሃይንከል 100 ነው። የመጨረሻው ዓይነት 12 ያህል ነው የተሠራው፣ የጀርመን አየር ኃይልም አልገዛውም። እነዚያኑ ጥቂቶች እየደጋገሙ አዲስ አርማ ቀቧቸውና ብዙ አስመሰሏቸው። የእንግሊዝ አብራሪዎች ደግሞ አየር ላይ "ከሃይንከል 113 ጋር ተታኮስን" ብለው ሪፖርት ጻፉ። የሌለ አውሮፕላን መትተናል ያሉም ነበሩ። ያዩት ሜሰርሽሚት 109 ነው።

እንግዲህ ያንን ፎቶ በአንተ መለኪያ ብትለካው ያልፋል። ቁጥር አለው፣ ስኳድሮን አለው፣ ቀን አለው።

ምስማር ቆጣሪ፦
ጋሼ እጅ ሰጠሁ። ይሄን ረስቼው ነበር።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ማለት መንግሥት ራሱ "ቢሆን ኖሮ" ሞዴል ሠርቷል፣ በ1/1 ስኬል።

የድሮ ጋዜጣ፦
እንዲያ በለው። ተቃራኒውም አለ። በ1986 ቴስተርስ የሚባለው የሞዴል ኩባንያ ኤፍ-19 የተባለ ስቴልዝ ተዋጊ አወጣ። ዓለም ሁሉ አሜሪካ ከራዳር የሚሰወር አውሮፕላን እንዳላት ይጠረጥራል፣ መልኩን ግን ያየ የለም። ንድፍ አውጪው ከሚወራውና ከራዳር ሳይንስ ተነስቶ የራሱን ሠራ፣ ለስላሳና ክብ ክብ ያለ። እንደ ጉድ ተሸጠ። ነገሩ የአሜሪካ ምክር ቤት ድረስ ደርሶ አነጋገረ፣ ምስጢር ሾልኳል ተብሎ። በኖቬምበር 1988 እውነተኛው ሲገለጥ ስሙ ኤፍ-117 ሆነ። መልኩም ጭራሽ ሌላ። ክብ ነገር የለውም፣ እንደ ተቆረጠ አልማዝ ጠፍጣፋ ገጽታዎች የተገጣጠሙበት ነው።

ሰው ለምን አመነው? ቁጥሩ ነዋ። ኤፍ-18 አለ፣ ኤፍ-20 አለ፣ 19 ግን ተዘሏል። ባዶ ወንበር ሲያይ ሰው የሚቀመጥበትን እንግዳ ራሱ ያስባል። ኩባንያው በማግስቱ ዓመት የሶቪየት ነው ብሎ ሚግ-37ን ደገመ። ለሶቪየት ተዋጊዎች ምዕራባውያኑ በ"ኤፍ" ፊደል የሚጀምር ስም ነበር የሚሰጡት፣ ለእሱም "ፌረት" ብለው አወጡለት። ደንቡን ጠብቀው ነው የዋሹት።

ጀማሪው፦
ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው። ግን ግራ ገባኝ። አሁን ሦስት ዓይነት ሊሆን ነው። ጭራሽ ያልነበረ አለ። የነበረ አለ። ነበረ ግን እንዲህ አልነበረም የሚባልም አለ።

ጨረቃ ላይ፦
ሦስተኛው ነው አደገኛው! ሆርተን 229ን እይ፣ ያ ጅራት የሌለው የሌሊት ወፍ። ጄት ሞተር ገጥሞ በ1945 መጀመሪያ በርሯል፣ ይሄ እውነት ነው። በዚያው ፌብሩዋሪ ተከሰከሰና አብራሪው ሞተ። የቀረው ያልተጠናቀቀ አካል ዛሬ በአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም አለ። የሞዴል ሳጥኑ ላይ ግን ስኳድሮን ሙሉ ሆኖ የራዳር አንቴና አስሮ ሌሊት ቦምብ ጣይ ያድናል። የካናዳው አቭሮ አሮውም እንደዚያው ነው። በ1958 በረረ፣ በ1959 ተሰረዘ፣ የበረሩት አምስቱም ተቆራርጠው ቀሩ። በሞዴል ግን እስከ 1980ዎቹ አገልግሏል።

ለነገሩ እኔ አልፈርድባቸውም። አሮውን በስኳድሮን ቀለም ሳየው ሆዴ ይባባል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ስለ ኤ.አይ. ምስል ማንም አላነሳም። አሁን የሚበዛው እሱ አይደል?

ምስማር ቆጣሪ፦
እሱ እስከ ቅርብ ጊዜ ይቀል ነበር፣ ዛሬም አንዳንዴ ይያዛል። የፕሮፔለሩን ምላስ ቁጠር፣ ግራው ሦስት ቀኙ አራት ይሆናል። የመለያ ቁጥሩ ፊደል ይመስላል ግን አይነበብም። ከሁሉ በላይ ጎማውን በሐሳብህ እጠፈው። የሚገባበት ቦታ አለ? ሞዴል ሠሪ ቢያንስ ጎማው የት እንደሚገባ ያስባል፣ ያ ማሽን ግን ግድ የለውም።

ጀማሪው፦
በሉ እንፈተን። ይሄን ፎቶ ተመልከቱ። የእንግሊዝ ሞስኪቶ ነው፣ ግን ፕሮፔለር የለውም፣ በሁለቱ ሞተሮች ቦታ ጄት ገብቷል። ጥቁርና ነጭ፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ። "1945" ይላል። ጎማው ተንፈስ ብሏል፣ የክንፉ ጠርዝ ስስ ነው። ግርፉ ሳይቀር ውልግድግድ ያለ ነው፣ ጨረቃ።

ምስማር ቆጣሪ፦
ቀላል ነው። የጭራ ጎማ ያለው ጄት። ጄቱ መሬቱን እየተኮሰ እንዴት ይነሳል? ፈጠራ።

የድሮ ጋዜጣ፦
ደግሞ ጀመርክ። በ1946 የበረረው የሶቪየት ያክ-15 የጭራ ጎማ ነበረው፣ ጎማው እንዳይቃጠል ከብረት አደረጉት። በዚያው ዓመት የበረረው የእንግሊዝ አታከርም የጭራ ጎማ ነበረው። ሜሰርሽሚት 262 ራሱ መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር። በ1942 አብራሪው ሜዳው ላይ እየፈጠነ ሳለ ፍሬን ነካ አድርጎ ነው ጭራውን ከመሬት ያነሳው፣ አለዚያ መሪው አየር አያገኝም ነበር።

ምስማር ቆጣሪ፦
ዛሬ ቀኔ አይደለም።

ጨረቃ ላይ፦
በጄት የሚበር ሞስኪቶ እንዳልተሠራ አውቃለሁ፣ ግን እሱን ከትውስታ ነው የምናገረው። ከፎቶው ላይ ማስረጃ አላገኘሁም። ጎበዝ ነው የሠራው።

ጀማሪው፦
ቆይ ቆይ። የክንፉን የፊት ጠርዝ አጉልቼ አየሁት። ቀለሙ ተላልጦ ከሥሩ ብር የመሰለ ብረት ያበራል። የአብራሪው መግቢያ በር ጠርዝ ላይም እንዲሁ።

ሞስኪቶ እኮ እንጨት ነው! ክንፉ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ላዩ በጨርቅ ተሸፍኖ ቀለም የተቀባ። ቢላጥ ብረት ከየት ይመጣል? የሞተሩ ሽፋን ቢሆን እሺ፣ እሱ ብረት ነው።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
ኧረ ጎሽ!!

የድሮ ጋዜጣ፦
ተባረክ ልጄ።

ምስማር ቆጣሪ፦
ጄት ሆኖ እንጨት መሆኑን ግን እንደ ማስረጃ አትውሰዱት። ቫምፓየር ጄት ነው፣ የፊት አካሉም እንጨት ነበር። ይሄን እንኳ በትክክል ተናገርኩ።

ሙጫ በጣቴ፦
እሺ፣ ልናዘዝ። የኔ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሠራሁት። የስፖንጅ ቁራጭ ብር ቀለም ነክሬ ጠርዙ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁ፣ ለሌላው አውሮፕላን ሁሉ እንደማደርገው። እጄ ለምዶታል፣ አእምሮዬ አልጠየቀም። ጎማውን ሞርጄ፣ ጠርዙን ሞርጄ፣ ግርፉን እንኳ በግራ እጄ ቀብቼው ነበር እንዲወላገድ። ይሄ ሁሉ ሰው አይቶታል፣ የእንጨቱን ነገር ያነሳ የመጀመሪያው አንተ ነህ። ዛሬ ማታ ከመደርደሪያው አውርጄ በቡናማ እነካካዋለሁ።

ጀማሪው፦
ሃሃሃ! አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያ ሮዙ ቲ.ኤስ.አር.-2ም ያንተ ነው እንዴ?

ሙጫ በጣቴ፦
አይደለም። የኔ ቢሆን የክንፉን የኋላ ጠርዝ እሞርደው ነበር።